የእሁድ ሽያጭ የት ሄደ? የአንድ የሌሊት ጆብ የጉዳይ ጥናት

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ ጠራ። የፋይናንስ ኃላፊያችን ናቸው። «የኔ ልጅ፣ የእሁድ ሽያጭ ብላችሁ የላካችሁት ሪፖርት ልክ አይደለም» አሉኝ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ አየሁ። ሪፖርቱን ሊያዘጋጅ ሌሊት በራሱ የሄደው ጆብ (የኮምፒውተር ሥራ) አረንጓዴ ነው። አራቱም እርምጃዎች ተጠናቀዋል። ሎጉ (የሥራው መዝገብ) ውስጥ አንድም ኤረር የለም። «ሲስተሙ በደንብ ሄዷል እኮ፣ እትዬ» አልኳቸው። «እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ የማውቀው እሁድ ግማሹ ቅርንጫፍ ዝግ መሆኑን ነው። ይሄ ቁጥር የቅዳሜ ነው» አሉ።

ልክ ነበሩ። ከዚያ ስልክ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ብዙ ኤረር ፈትተናል። ቀይ የበራ ሁሉ ተስተካክሏል ብለን እፎይ ብለን ነበር። ከሁሉም የከበደን ግን ቀይ ሳይበራ ያለፈው ነው። ጉዳዩን ከመነሻው ልንገራችሁ። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። ዝርዝሩን ግን ሳላሳጥር እጽፋለሁ፤ ተመሳሳይ ዎርክፍሎ (በተራ የሚሄዱ ጆቦች ሰንሰለት) የምታስኬዱ ሰዎች እንቅልፍ ባታጡበት ደስ ይለኛል።

ዎርክፍሎው ምን ይሠራ ነበር

ድርጅቱ በተለያዩ ከተሞች ቅርንጫፎች አሉት። ሽያጩ ሁሉ አንድ ዋና ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል። ሌሊት ላይ አንድ ዎርክፍሎ ተነስቶ አራት ነገር ይሠራል። መጀመሪያ ስኩፕ የሚባለው መሣሪያ የቀኑን መዝገብ ከዳታቤዙ ቀድቶ ወደ ሃዱፕ ያመጣል፤ ሃዱፕ ትልቅ ዳታ በብዙ ማሽኖች ላይ የሚቀመጥበትና የሚሰላበት ሲስተም ነው። ከዚያ ሃይቭ ያጸዳዋል፤ የተደጋገመውን ያወጣል፣ የቅርንጫፍ ኮዶቹን ያስተካክላል። ቀጥሎ ስፓርክ በቅርንጫፍና በዕቃ ዓይነት ይደምረዋል። በመጨረሻ አንድ የሼል ስክሪፕት ውጤቱን ወደ ሪፖርት ዳታቤዙ ይልካል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፋይናንስ ክፍል ሲገባ የትናንቱ ሽያጭ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት።

ይህን ሁሉ የሚመራው ኡዚ ነው። ሃዱፕ የሚለው ስም ከፈጣሪዎቹ የአንዱ የደግ ከቲንግ ልጅ ይጫወትበት ከነበረ የዝሆን አሻንጉሊት የመጣ ነው። ኡዚ ደግሞ በበርማ ቋንቋ ዝሆን ነጂ ማለት ነው። ስሙ ሥራውን በደንብ ይገልጸዋል። ኡዚ ራሱ ዳታ አይሸከምም። ዝሆኑን በሰዓቱ ቀስቅሶ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ነግሮ፣ ሲወድቅ የሚያሳውቅ ነው።

በመስከረም 2016 መጨረሻ አሮጌውን ክላስተር (አብረው የሚሠሩትን የሃዱፕ ማሽኖች) ትተን ወደ አዲስ ክላስተር ተዛወርን። የዎርክፍሎውን ፋይሎች ገልብጠን አስቀመጥን። ኮዱ ያው ነው። ዳታውም ያው ነው። ስለዚህ ያው ይሠራል ብለን አሰብን። ያልገለበጥነው አሮጌዎቹ ሰርቨሮች ውስጥ ለዓመታት ሲጠራቀም የኖረውን ኮንፊገሬሽን (የአሠራር ቅንብር) ነው። አንዱ ሰው አንድ ቀን አንድ መስመር ይቀይራል። ነገሩ ይሠራል። ሰውየው ሥራ ይለቅቃል። መስመሩ ግን እዚያው ይቀራል።

የሚጮኹት ስህተቶች

የመጀመሪያው ጄኤ009 የሚለው ኮድ ነው። ኡዚ የምትጠቀሙ ሁሉ ታውቁታላችሁ። «ክላስተሩን ማስነሳት አልቻልኩም፣ የሰርቨሩን አድራሻ አረጋግጥ» ዓይነት መልእክት ይዞ ይመጣል። የእኛ ምክንያት ቀላል ነበር። የፕሮፐርቲ ፋይሉ (የጆቡ ቅንብር የሚጻፍበት) ላይ ያለው ፖርት፣ ማለትም የሰርቨሩ መግቢያ ቁጥር፣ ከያርን በፊት የነበረው የ8021 ነው። ያርን የክላስተሩን ሜሞሪ ለጆቦች የሚያከፋፍለው የሃዱፕ ክፍል ነው። አዲሱ ክላስተር ላይ የያርን ዋና ሰርቨር፣ ሪሶርስ ማኔጀሩ፣ የሚሰማው በ8032 ነው። አንድ ቁጥር ቀየርን፣ አለፈ።

ቀጥሎ «ኡዚ በሌላ ሰው ስም መሥራት አይፈቀድለትም» አለን። ኡዚ ጆቡን የሚያስነሳው በራሱ ስም አይደለም፤ በባለቤቱ ስም ነው። ለዚህ ደግሞ ሃዱፕ አስቀድሞ ፈቃድ መስጠት አለበት። ፈቃዱ ዋናው የሃዱፕ ኮንፊግ ፋይል ውስጥ በሁለት መስመር ይጻፋል፦ ከየትኛው ማሽን፣ ለየትኛው የተጠቃሚ ቡድን። ጻፍን። ሰርቨሩን ሳናጠፋ አዲሱን ፈቃድ እንዲያነብ ትእዛዝ ሰጠን። ያው ኤረር ተመለሰ። አንድ ሙሉ ከሰዓት ፋይሉ ላይ የፊደል ስህተት ስንፈልግ ዋልን። ፋይሉ ግን ምንም አልነበረበትም። ትእዛዙን የሰጠነው ለኔምኖድ (የሃዱፕን ፋይሎች ለሚመራው ሰርቨር) ብቻ ነው። ሪሶርስ ማኔጀሩ የራሱ ማደሻ ትእዛዝ አለው፤ እሱ አሁንም የድሮውን ፈቃድ በሜሞሪው ይዞ ነበር።

እዚህ ጋ ቆም በሉልኝ፤ የጉዳዩ ፍሬ ያለው እዚህ ነው። እኛ የምናየው ፋይሉን ነው። የሚሠራው ግን ፋይሉ አይደለም፤ ፕሮሰሱ ሲነሳ አንብቦ በሜሞሪው የያዘው ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ ማሰብ ያሳስታል። የሚሄደውን ፕሮሰስ «አንተ ዘንድ ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ያን ቀን ነገሩ ቢገባንም ልማድ አላደረግነውም። ብናደርገው ኖሮ የፋይናንስ ኃላፊዋ ባልደወሉ ነበር።

የላይብረሪው ችግር አጭር ነው። ስኩፕና ሃይቭ የሚፈልጓቸው የጃቫ ክላሶች አልተገኙም አለ። ኡዚ የጋራ ላይብረሪውን እንዲጠቀም ፕሮፐርቲ ፋይሉ ላይ በግልጽ ካልተነገረው አይጠቀምም። አንድ መስመር ጨመርን።

ሜሞሪው ላይ ያየነው ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ለእያንዳንዱ የስፓርክ ኤክሰኪዩተር (ስሌቱን ተካፍሎ ለሚሠራ ፕሮሰስ) 8 ጊጋ ሰጥተን ነበር። አዲሱ ያርን ለአንድ ኮንቴይነር (ለአንድ ፕሮሰስ ለሚሰጥ ድርሻ) የሚፈቅደው ጣሪያ 8192 ሜጋ ነው። 8 ጊጋ ማለት 8192 ሜጋ ስለሆነ ልክ ይገባል ብለን ነበር። አይገባም። ስፓርክ ከጠየቃችሁት ላይ ለራሱ ትርፍ ይጨምራል፤ 10 በመቶ፣ ከ384 ሜጋ ግን አያንስም። ስለዚህ 8192 ላይ 819 ተጨምሮ 9011 ይሆናል፤ ያርንም አልቀበልም ይላል። ወደ 6 ጊጋ አወረድነው። 6144 ሲደመር 614፣ 6758። ያርን ደግሞ ወደ ላይ አጠጋግቶ 7168 ይሰጠዋል። ማሽን ላይ ስንት ኤክሰኪዩተር እንደሚገባ ስታሰሉ በዚህ በመጨረሻው ቁጥር አስሉ።

ከዚያ ጆቡ መውደቅ አቆመ፤ ግን ደግሞ አይንቀሳቀስም። ለሰዓታት «ተቀብያለሁ» በሚል ሁኔታ ላይ ተገትሮ ቀረ። የእኛ ኡዚ የ4ኛው ትውልድ ነው። በዚህ ስሪት ኡዚ አንድን እርምጃ በቀጥታ አያስነሳም። መጀመሪያ አንዲት ትንሽ አስነሺ ጆብ ወደ ያርን ይልካል። እውነተኛውን ጆብ የምትልከው እሷ ናት። ልጇ እስክትጨርስም ቦታዋን ይዛ ትጠብቃለች። የያርን ቦታ አከፋፋይ፣ ካፓሲቲ ስኬጁለር፣ ደግሞ ካልተነገረው በቀር ለአፕሊኬሽን ማስተሮች (እያንዳንዱን ጆብ ለሚመሩ ፕሮሰሶች) የሚለቅቀው 10 በመቶ ቦታ ብቻ ነው። ትንሽ ኪው (የጆቦች ወረፋ) ውስጥ ሁለት ሦስት አስነሺዎች ከገቡ ያ 10 በመቶ አለቀ። አስነሺዎቹ ልጆቻቸውን ይጠብቃሉ፤ ልጆቹ ደግሞ አስነሺዎቹ ቦታ እስኪለቅቁ ይጠብቃሉ። ለአስነሺዎቹ የራሳቸውን ኪው ከፈትንላቸው። ወዲያው ተለቀቀ።

ከጮኹት ስህተቶች ረጅም ጊዜ የወሰደብን «ሠንጠረዡ የለም» የሚለው ነው። ስፓርክ የሃይቩን ሠንጠረዥ አላገኘሁም ይላል። ሃይቭ ውስጥ ገብተን ስናይ ሠንጠረዡ አለ፤ መዝገቡም ሙሉ ነው። ፈቃድ ይሆናል ብለን ፈቃድ ሰጠን። ለውጥ የለም። ያንኑ ፕሮግራም ከመግቢያው ሰርቨር ላይ በእጃችን ስናስነሳው ቆንጆ ሆኖ ይሠራል። በኡዚ በኩል ሲሄድ ይወድቃል። በእጅ ሲሄድ የሚሠራ፣ በስኬጁለር ሲሄድ የሚወድቅ ጆብ ስታዩ ኮዱን ተዉት። ጆቡ የተነሳበትን አካባቢ ፈትሹ።

መግቢያው ሰርቨር ላይ የሃይቭ ኮንፊግ ፋይል ስፓርክ ከሚያነብበት ፎልደር ውስጥ አለ። ኡዚ ሲያስነሳው ግን የስፓርክ ድራይቨር (ፕሮግራሙን የሚመራው ክፍል) የሚነሳው ክላስተሩ ውስጥ ካሉት ማሽኖች በአንዱ ላይ ነው። እዚያ ፋይሉ የለም። ስፓርክ የሃይቭን አድራሻ ሲያጣ አይጮኽም። ደርቢ የምትባል ትንሽ ዳታቤዝ እዚያው በራሱ ይከፍታል። አዲስና ባዶ ናት። ከዚያ ሠንጠረዡን እሷ ውስጥ ይፈልጋል። የለም ይላል፤ እውነቱን ነው፣ እዚያ የለም። ሎጉን ከመጨረሻው ሳይሆን ከመጀመሪያው ስናነብ የደርቢ ስም ቁጭ ብሏል። ሁላችንም የመጨረሻዎቹን ሃምሳ መስመሮች እያነበብን ነበር ቀኑን ያቃጠልነው። የሃይቩን ኮንፊግ ከጆቡ ጋር አብሮ እንዲላክ አደረግን፣ ችግሩም ተፈታ።

ዝም ያለው ስህተት

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ በመጀመሪያው ቀን፣ አንድ ትንሽ ነገር ተፈጥሮ ነበር። ማንም ልብ አላለውም።

ዎርክፍሎው በየሌሊቱ የሚነሳበትን ሰዓት የሚይዝ የኮኦርዲኔተር ፋይል አለ። እዚያ ላይ መነሻው 01:00 ተብሎ ከኋላው +0300 ተጽፎበታል። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ማለት ነው። አዲሱ ኡዚ ፋይሉን ሲያይ የቀኑን አጻጻፍ አልቀበልም አለ። ባልደረባዬ ኤረሩን አነበበ። አዲሱ ኡዚ የሚቀበለው መጨረሻው ላይ ዜድ ያለበትን የዩቲሲ (ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀረው የዓለም አቀፍ ሰዓት) አጻጻፍ ነው። +0300ን አጥፍቶ ዜድ አደረገው። ኤረሩ ጠፋ። ሌሎቹ እሳቶች እየነደዱ ስለነበር ወደ እነሱ ሄድን። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

01:00 ዩቲሲ ግን እዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ዎርክፍሎው አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ሁሉም ተስተካክሎ መሄድ ሲጀምር ሪፖርቱ ለጠዋት 2 ሰዓት እየደረሰ፣ አንዳንዴም እያለፈ መጣ። ቅሬታ ቀረበ። ምክንያቱ ቶሎ ገባኝ። የሦስት ሰዓት ልዩነት ነው። ማክሰኞ ጥቅምት 6 ቀን በትክክል አስልቼ ቀየርኩት። ከሌሊቱ 7 ሰዓት በዩቲሲ ያለፈው ቀን 22:00 ነው። 22:00 ዜድ ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ሪፖርቱ ጎህ ሳይቀድ ደረሰ። ቅሬታውም ቆመ።

ሪፖርቱ መሳሳት የጀመረው ያን ሌሊት ነው። ስህተቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ትክክለኛ ስሌት ሠርቼ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዎርክፍሎው የትኛውን ቀን እንደሚያነብ የሚወስነው ከመነሻ ሰዓቱ ተነስቶ ነው። ኡዚ ለእያንዳንዱ ሌሊት የታቀደ ሰዓት ይይዛል። ፋይላችን «ከታቀደው ሰዓት ቀን ላይ አንድ ቀን ቀንስ» ይላል። ሰኞ 01:00 ሲነሳ አንድ ቀን ሲቀነስ እሁድ ይሆናል። ትክክል ነው። አሁን ግን የታቀደው ሰዓት እሁድ 22:00 ሆኗል። በሰዓት ያው ቅጽበት ነው። በቀን ግን እሁድ ነው። አንድ ቀን ሲቀነስ ቅዳሜ ይመጣል። ስኩፕ የቅዳሜን ቀዳ። ሃይቭ የቅዳሜን አጸዳ። ስፓርክ የቅዳሜን ደመረ። ሁሉም የታዘዙትን ስለሠሩ ሁሉም አረንጓዴ ናቸው።

ታዲያ ሪፖርቱ ላይ ለምን እሁድ የሚል ቀን ወጣ? የመጨረሻው የሼል ስክሪፕት ቀኑን ከኡዚ አይወስድም ነበር። የተነሳበትን ማሽን ሰዓት አይቶ «ትናንት» ይላል። ማሽኖቹ የሚቆጥሩት በአዲስ አበባ ሰዓት ነው። ስለዚህ ትናንት እሁድ ነው። አንድ ዎርክፍሎ ውስጥ ሁለት የቀን ምንጮች ነበሩ ማለት ነው። ሁለቱ ለዓመታት ስለተስማሙ ሁለት መሆናቸውን ማንም አላወቀም።

ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ለምን አልታወቀም? በሥራ ቀናት የአንዱ ቀን ሽያጭ ከሌላው ብዙ አይለይም። ማክሰኞ ተብሎ የሰኞ ቁጥር ቢመጣ ማንም አይጠረጥርም። እሁድ ነው ያጋለጠው።

ፍለጋው

ከስልኩ በኋላ መጀመሪያ ያደረግኩት ዋናውን ዳታቤዝ መጠየቅ ነው። የቅዳሜንና የእሁድን ድምር አወጣሁ። ሪፖርቱ ላይ እሁድ ተብሎ የተጻፈው ከቅዳሜው ጋር እስከ ሳንቲሙ አንድ ነው። ስለዚህ ዳታው አልተበላሸም፤ በአንድ ቀን ተንሸራቷል። ከአራቱ እርምጃዎች የትኛው ላይ እንደተንሸራተተ ማግኘት ቀረ።

ለቡድናችን ግሩፕ ላይ «የእሁድ ሌሊቱን ሎግ እዩልኝ» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ባልደረባዬ አይቶ ምንም ችግር የለውም አለኝ። ወደ ሌላ ጥርጣሬ ሄድኩ። ግማሽ ቀን ካለፈ በኋላ አብረን ስናየው እሱ የተመለከተው ለእሁድ አጥቢያ የሄደውን ነው። እሱ እሁድ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሲል እንደ ፈረንጁ ቀኑ በእኩለ ሌሊት ተቀይሮ ነው። እኔ ደግሞ እንደ ልማዳችን ሌሊቱን ያለፈው ቀን ተከታይ አድርጌ ነው። ሁለታችንም አማርኛ ነው የተናገርነው። ከዚያ ወዲህ «ለሰኞ አጥቢያ» ብለን ነው የምንጽፈው። እሱ አያሻማም።

የሚገርመኝ ነገር፣ «የእሁድ ሌሊት 7 ሰዓት» የሚለው የእኔ አነጋገርና የኡዚ «እሁድ 22:00 ዜድ» በቀኑ ላይ ይስማማሉ። ሁለቱም ያን ቅጽበት እሁድ ነው ይላሉ። አይስማማም የሚለው የማሽኖቹ ሰዓት ብቻ ነው።

ሌላም መሰናክል ነበር። ሃዱፕ ላይ ያሉት ፎልደሮች ስማቸው በፈረንጅ ቀን ነው። ሪፖርቱ ደግሞ ፋይናንስ እንደሚጠቀምበት በኢትዮጵያ ቀን ይወጣል። ፎልደሩ 2023-10-21 ይላል። ሪፖርቱ ጥቅምት 11 ይላል። አንዱ ባልደረባዬ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «ጥቅምት 11 ኦክቶበር 21 ነው፣ ልክ ነው» አለ። በአብዛኛው ዓመት እውነቱን ነው፤ በጥቅምት ልዩነቱ 10 ቀን ነው። ግን 2015 ጳጉሜን 6 ቀን የሆነችበት ዓመት ነበር። ስለዚህ 2016 የገባው በሴፕቴምበር 12 ነው፤ ልዩነቱም እስከ የካቲት ድረስ በአንድ ቀን ሰፋ። በዚያ ዓመት ጥቅምት 11 ኦክቶበር 22 ነው፣ እሁድ። ኦክቶበር 21 ጥቅምት 10 ነው፣ ቅዳሜ። በጭንቅላት የተሠራው ቅየራ ስህተቱን በትክክል ሸፈነው። እኔም መጀመሪያ ተስማምቼ ነበር። ያመንኩት ካላንደር አውጥቼ ሳይ ነው።

እዚህ ስደርስ ፋይሎቹን ማንበብ ተውኩ። ኡዚን ራሱን ጠየቅኩት። አንድ የሄደ ጆብ መለያ ቁጥሩን ስትሰጡት፣ ሁሉም ተለዋዋጭ ዋጋ ተተክቶ በመጨረሻ ምን ይዞ እንደሄደ የሚያሳይ ትእዛዝ አለ። ዌብ ገጹም ላይ የጆብ ኮንፊገሬሽን በሚለው ሥር ይገኛል። የታቀደው ሰዓት እሁድ 22:00። የሚነበበው ቀን ቅዳሜ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ደብተሬ ላይ መስመር አስምሬ ሦስቱን ሰዓት ጻፍኩ፤ የእኛ፣ የአዲስ አበባ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የዩቲሲ። ከዚያ በኋላ የሚፈታ ነገር አልነበረም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ። አሮጌው ክላስተር ላይ ለምን ሠራ? እሱ ገና አልጠፋም ነበር። የሁለቱን ኡዚ ሰርቨሮች ሙሉ ኮንፊገሬሽን በአድሚን ትእዛዙ አወጣንና አነጻጸርን። ብዙ መቶ መስመር ነው። አንዱ መስመር ላይ የኡዚ የሥራ ሰዓት ሰቅ አሮጌው ላይ ጂኤምቲ+0300፣ አዲሱ ላይ ዩቲሲ ይላል። ማንም ካልቀየረው የሚኖረው ዩቲሲ ነው። የኡዚ መመሪያም ያለ ምክንያት አትቀይሩት ይላል። አሮጌው ላይ ማን መቼ እንደቀየረው የሚነግር ማስታወሻ አላገኘንም። ያ ሰርቨር +0300ን የሚቀበለው፣ አዲሱ ደግሞ ያልተቀበለው በዚህ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ያጠፋነው ኤረር ይህን ሊነግረን ፈልጎ ነበር።

ማስተካከያው

ሦስት ሐሳብ ቀረበ። አንደኛው የኮኦርዲኔተሩን የሰዓት ሰቅ መስመር አፍሪካ አዲስ አበባ ማድረግ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ይህን ነው። ሞከርነው፣ ምንም አልቀየረም። ያ መስመር በዋናነት በበጋና በክረምት ሰዓታቸውን ለሚቀያይሩ አገሮች የተሠራ ነው። መነሻ ሰዓቱን አያንሸራትትም። እኛ ደግሞ ሰዓት አንቀይርም።

ሁለተኛው አዲሱን ሰርቨር ወደ ጂኤምቲ+0300 መመለስ ነው። ይህን አጥብቄ ተቃወምኩ። ሌሎች ቡድኖች አዲሱ ሰርቨር ላይ በዜድ የተጻፉ ጆቦች አስገብተዋል። የእኛን ስናድን የእነሱን እንሰብራለን።

ሦስተኛው «አንድ ቀን ቀንስ» የሚለውን ማጥፋት ነው። 22:00 ዩቲሲ ላይ ቀኑ ራሱ እሁድ ስለሆነ ይሠራል። ግን ነገ አንድ ሰው ጆቡን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ልጀምረው ቢል በዩቲሲ 00:30 ይሆናል፤ ቀኑም እንደገና ይገለበጣል። ለሚቀጥለው ሰው እንዲህ ያለ ወጥመድ ትቶ መሄድ አልወደድኩም።

ያደረግነው ሌላ ነው። ኡዚ ውስጥ የታቀደውን ሰዓት ወደ ተሰጠው የሰዓት ሰቅ የሚያዞር ፋንክሽን አለ። መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ እናዞረዋለን። ከዚያ አንድ ቀን እንቀንሳለን። ጆቡ በየትኛውም ሰዓት ቢነሳ «ትናንት» የእኛ ትናንት ይሆናል። ይህ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ኮኦርዲኔተሩ ውስጥ ይሰላል። አራቱም እርምጃዎች የሚቀበሉት ይህንኑ ነው። የሼል ስክሪፕቱ የማሽኑን ሰዓት እንዳያይ አደረግን። ወደ ኢትዮጵያ ቀን የሚቀይረውም ከዚህ ከተቀበለው ቀን ብቻ ነው።

ኤርፍሎ (እንደ ኡዚ ጆቦችን የሚመራ ሌላ መሣሪያ) የምትጠቀሙ ይህ የእኛን አይመለከትም እንዳትሉ። እዚያም ከስሪት 3 በፊት በየቀኑ የሚሄድ ጆብ ካልተነገረው በቀር የሚይዘው ቀን የተነሳበት ቀን አልነበረም፤ የሚሸፍነው ጊዜ መጀመሪያ ነበር። ከስሪት 2.2 ጀምሮ ስሙ ሎጂካል ዴት የተባለው ሰው ሁሉ ከተነሳበት ሰዓት ጋር ሲያምታታው ስለኖረ ይመስለኛል።

ከአራቱ ሌላ አምስተኛ እርምጃም ጨመርን። ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት የዚያን ቀን ድምር ከዋናው ዳታቤዝ ይጠይቃል፤ ከተዘጋጀው ጋር ያወዳድራል። ካልተመሳሰለ ጆቡ ይወድቃል። ቀይ ይበራል። ይህን እርምጃ ለመጻፍ አርባ ደቂቃ አልፈጀም።

የቀረው የተሳሳቱትን ሌሊቶች መድገም ነው። ስምንት ናቸው። የድሮውን ኮኦርዲኔተር ዘጋን። አዲሱን መነሻ ቀኑን ወደ ኋላ መልሰን አስገባን። ኡዚ ያለፈ መነሻ ሲሰጠው ያመለጡትን ሌሊቶች ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ ያስኬዳል። በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ እንዲሄድ ተውነው። ሪፖርት ዳታቤዙ ላይ ከመጻፉ በፊት የዚያን ቀን የቆየ መዝገብ እንዲያጠፋም አደረግን፤ አለበለዚያ እጥፍ ይሆናል። ረቡዕ ከሰዓት ጀምሮ አንድ ቀን ተኩል ያህል ሄደ።

ዓርብ ጠዋት የፋይናንስ ኃላፊዋ ቢሮ ገባሁ። ጠረጴዛቸው ላይ ጥቁር ደብተር አለ። ለካ ትልልቆቹ ቅርንጫፎች በየማታው በስልክ የሚነግሯቸውን ድምር በእጃቸው ይመዘግባሉ። ስንት ዓመት እንዳደረጉት እግዜር ይወቀው። ስምንቱን ቀናት አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። እሳቸው በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ። እሁድ ላይ ስንደርስ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ምልክት አድርገው «ይሄ ነው እሁድ» አሉ፤ ወደ ሰኞም አለፍን።